የጥናት ጽሑፍ እንዴት እጃችን ይገባል? የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከፖስታ ወደ ኤሌክትሮኒክስ

መግቢያ

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን፣ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ይገኛል። በታሪክ መጻሕፍት ስሙ የሚነሣው በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ ነው። በሕክምናው ዘርፍ ግን የሚታወቀው ሆስፒታሉ ለሥጋ ደዌ፣ ለቆዳና ለዐይን ሕሙማን ለረጅም ዘመን በሰጠው አገልግሎት ነው። የቁንጭር፣ ማለትም የቆዳ ሌሽማንያሲስ፣ እንዲሁም መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ሕሙማንም በዚሁ ሆስፒታል ሕክምና ያገኛሉ።

እነዚህ በሽታዎች በአጠቃላይ የመማሪያ መጻሕፍት የሚያገኙት ሽፋን አጭር ነው። ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ዝርዝር ያለው በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ነው። ቁንጭርን ለምሳሌ እንውሰድ። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በሽታውን በአብዛኛው የሚያስከትለው ሌሽማንያ ኢትዮፒካ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከተካሄዱት የሕክምና ሙከራዎች ብዙዎቹ ግን የተደረጉት በሌሎች የሌሽማንያ ዝርያዎች ላይ ነው። አንድ ሐኪም በስልኩ አኅጽሮተ ጥናቱን ብቻ አንብቦ «መድኃኒቱ ውጤታማ ነው» የሚል መደምደሚያ ቢያገኝ፣ ጥናቱ በየትኛው ዝርያ፣ በምን ዓይነት ቁስል፣ እነማንን በመተው እንደተካሄደ ላያውቅ ይችላል። ለሕክምናው የሚሰጠው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ደግሞ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው። ስለዚህ የሙሉው ጽሑፍ መገኘትና አለመገኘት የምሁራን ቅንጦት ሳይሆን የሕሙሙ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት የጥናት ጽሑፍን ለጠያቂው እንዴት እንደሚያቀርቡ፣ አቅርቦቱ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሲሸጋገር ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ለማስረዳት ይሞክራል። ዋና ሐሳቡም የሚከተለው ነው፦ ኤሌክትሮኒክስ ያሳጠረው ጽሑፉ የሚጓዝበትን ጊዜ ነው፤ ማፈላለጉን፣ ፈቃድ ማስገኘቱንና ጠብቆ ማቆየቱን ግን ዛሬም ሰው ኃላፊ ሆኖ ሊሠራው ይገባል።

ጽሑፍ ማቅረብ ሲባል

አንድ የጽሑፍ ጥያቄ ከመነሻው እስከ መድረሻው አምስት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያ የተፈለገው ጽሑፍ ማንነት በትክክል ይለያል። ሁለተኛ የት እንደሚገኝ ይጣራል። ሦስተኛ ለመቅዳት ወይም ለማውረድ ፈቃድ መኖሩ ይረጋገጣል። አራተኛ ጽሑፉ ለጠያቂው ይላካል። አምስተኛ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ፈላጊ ይቀመጣል። በተለምዶ ትኩረታችንን የሚስበው አራተኛው ደረጃ ብቻ ነው፤ ጥያቄዎች የሚሰናከሉት ግን ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ነው።

የተሟላ ጥያቄ የአዘጋጁን ስም፣ የጽሑፉን ርዕስ፣ የመጽሔቱን ስም፣ ዓመቱን፣ ቅጹን፣ ቁጥሩንና ገጹን ይይዛል። ጽሑፉ በፐብሜድ ያለው መለያ ቁጥር ወይም አሳታሚዎች የሚሰጡት ዲ.ኦ.አይ. የተባለው የሰነድ መለያ ከተጨመረበት ስሕተት የመፈጠሩ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

በእኛ አገር ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ተጨማሪ ነጥቦች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ፣ ከዚያው የወጣው የመጽሔት ጽሑፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢታተም በመካከሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች መጨረሻ ላይ ያለውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱት፣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የሚገኘው በራሱ ስም ሳይሆን በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ነው። ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ቦሩ ሜዳን በላቲን ፊደል አንዳንዱ አጥኚ በአንድ ቃል፣ ሌላው በሁለት ቃል ይጽፈዋል፤ የደሴም አጻጻፍ እንዲሁ ይለያያል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ስለ ቦሩ ሜዳ የተጻፈ የለም» ብሎ መደምደም ስሕተት ላይ ይጥላል። ይህን የሚያውቅ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጋል።

ከብራና እስከ ማይክሮፊልም፣ ከፖስታ እስከ ኢንተርኔት

ጽሑፍን ቀድቶ ለፈላጊው ማድረስ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቦሩ ሜዳ አልፎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ነበር። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ የሚገኝ ሲሆን የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር መዝገብም ይዟል። ይህ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ፎቶግራፍ ከተነሡት አንዱ ነው። የፊልሞቹ ቅጂዎች በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍትም ተቀምጠዋል። ዛሬ ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ በኢንተርኔት ሊታዩ ይችላሉ። እዚህ ላይ የምናገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ዝርዝር ያለው መጽሐፍ ይገኛል፣ በሁለት ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ደግሞ በአንድ አደጋ አይጠፋም።

በሕክምናው ዓለም ዝርዝር የማዘጋጀቱን ሥራ ለ125 ዓመታት የሠራው ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለው ማውጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በጆን ሾው ቢሊንግስ ተጀምሮ እስከ 2004 ድረስ በወረቀት ታትሟል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1971 ሜድላይንን በኮምፒዩተር መስመር አቀረበ፤ ፐብሜድ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሮ በ1997 ለሁሉም በነጻ ተከፈተ። ማውጫው የሚያሳየው ግን ጽሑፉ መኖሩን ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ራሱን ለማግኘት ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ረገድ እንግሊዝ ያበጀችው ዘዴ ለብዙ አገሮች አርአያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1962 በዮርክሺር ቦስተን ስፓ በዶናልድ ኧርኩሃርት መሪነት የተከፈተው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ አዋሽ ቤተ መጻሕፍት፣ እያንዳንዱ ተቋም ሁሉንም መጽሔት ከሚገዛ አንድ ማዕከል ሁሉንም ይዞ በፖስታ ለሌሎች ያድርስ በሚል ሐሳብ ተመሠረተ። ኋላም የብሪቲሽ ላይብረሪ የሰነድ አቅርቦት ማዕከል ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ዶክላይን አንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያጣውን ጽሑፍ ላለው ቤተ መጻሕፍት የሚጠይቅበትን መስመር ዘረጋ። ፎቶ ኮፒው በፖስታ፣ ቀጥሎም በፋክስ፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በስካነር ተነሥቶ በኢንተርኔት ይላክ ጀመር።

የገጠር ጤና ተቋማትን በሚመለከት የዓለም የጤና ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀው «ሰማያዊ ሣጥን» ሊጠቀስ ይገባዋል። ከመቶ በላይ የሕክምናና የጤና መጻሕፍትን የያዘ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብረት ሣጥን ሆኖ ለአፍሪካ የወረዳ ጤና ቡድኖች የሚላክ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሣጥኑ መብራትም ሆነ ስልክ አይፈልግም፤ ጉድለቱ ይዘቱ በየጊዜው አለመታደሱ ነው። ይህን ጉድለት ይሞላል ተብሎ የታመነበት የኤሌክትሮኒክስ አቅርቦት ነው።

ዛሬ በእጃችን ያሉት መንገዶች

ለኢትዮጵያ ትልቁ ለውጥ የመጣው በሂናሪ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 የጀመረው ይህ አገልግሎት፣ አነስተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ተቋማት የጤና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያነቡ ያስችላል። ሲጀመር 1,500 ያህል መጽሔቶች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቶ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው የጋራ መርሐ ግብር ሥር ከግብርና፣ ከአካባቢ ጥበቃና ከሌሎች ዘርፎች አገልግሎቶች ጋር ተጠቃሏል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ወገን ነች።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሂናሪ የሚመዘግበው ግለሰብን ሳይሆን ተቋምን መሆኑ ነው። የይለፍ ቃሉ ለተቋሙ ይሰጣል፤ የተቋሙ ሠራተኞችና ተማሪዎች ይጠቀሙበታል። ስለሆነም የአንድ ሆስፒታል ሐኪም ሂናሪን ማግኘቱ የሚወሰነው ሆስፒታሉ ተመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉን በኃላፊነት የሚይዝና ለባልደረቦቹ የሚያስረዳ ሰው መድቦ እንደሆነ ነው። ኃላፊው ሲዛወር የይለፍ ቃሉ አብሮት ከሄደ ተቋሙ በስም የተመዘገበ፣ በተግባር ግን የተዘጋበት ይሆናል።

ከሂናሪ ውጭ ያሉ መንገዶችም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ፐብሜድ ሴንትራል ሙሉ ጽሑፎችን በነጻ ያቀርባል። ለቁንጭርና ለመሰል በሽታዎች እጅግ ጠቃሚ የሆነው ፕሎስ ኔግሌክትድ ትሮፒካል ዲዚዝስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር አንሥቶ ለማንም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የአፍሪካ መጽሔቶች ድረ ገጽ የአገራችንን መጽሔቶች ጨምሮ የአህጉሩን የጥናት መጽሔቶች ይዟል። የሥጋ ደዌን በተመለከተ ሌፕሮሲ ሪቪው የተባለው መጽሔት በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ በኔዘርላንድ አገር ያለው ኢንፎሌፕ የተባለ የመረጃ ማዕከልም ስለ ሥጋ ደዌ የተጻፉ ሰነዶችን አሰባስቦ ለጤና ሠራተኞች ሲያቀርብ ኖሯል። ጽሑፉ በእነዚህ ሁሉ ካልተገኘ፣ በአኅጽሮቱ ግርጌ አድራሻው ለተመለከተው አዘጋጅ በትሕትና ኢሜይል መጻፍ ይቻላል። ብዙ አዘጋጆች ጽሑፋቸውን በደስታ ይልካሉ።

በአሁኑ ወቅት ብዙዎቻችን ጽሑፍ የምንቀባበለው በቴሌግራም ነው። ፍጥነቱ የማይካድ ቢሆንም ሦስት ችግሮች አሉበት። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ፋይል ብዙ ጊዜ ምንጩና እትሙ አይታወቅም፤ የቅጂ መብቱ ያልተጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ከታተመ በኋላ እርማት የተደረገበት ወይም የተሰረዘ መሆኑንም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ላንሴት ላይ የወጣው በኮቪድ-19 ሕክምና የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥናት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በይፋ መሰረዙ ይታወሳል። በመጀመሪያው ቀን አውርዶ ያስቀመጠው ሰው ፋይሉን ዛሬም ቢከፍተው የሚያነበው መሰረዙን የማይናገረውን ጽሑፍ ነው።

መያዝና መጠቀም

በወረቀት ዘመን ቤተ መጻሕፍት መጽሔት ሲገዛ የገዛው እትም የራሱ ንብረት ይሆን ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ቢቋረጥ እንኳ የአምናው እትም ከመደርደሪያው አይነሣም። በኤሌክትሮኒክስ አቅርቦት ግን ተቋሙ የሚያገኘው ባለቤትነትን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድን ነው። ስምምነቱ ሲያበቃ፣ አሳታሚው ሲለወጥ ወይም የአገሪቱ የገቢ ደረጃ ከፍ ሲል ትናንት ይነበብ የነበረው ጽሑፍ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ዘመናዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከመደርደሪያ ጠባቂነት ይልቅ ፈቃድ አዋቂነት ያስፈልገዋል። የትኛውን ጽሑፍ በሰርቨር ማስቀመጥና ማባዛት ይፈቀዳል? የትኛውስ ለአንድ ጠያቂ ብቻ ይሰጣል? በክፍት ፈቃድ የወጡት ጽሑፎች ምንጫቸው ተጠቅሶ ሊባዙና ሊቀመጡ ይችላሉ። በሂናሪ በኩል የሚገኙትን ግን በጅምላ ማውረድም ሆነ የይለፍ ቃሉን ለሌላ ተቋም ማካፈል የተከለከለ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለጥናት ቅጂ የሚሰጡበትን ሁኔታ ስለሚመለከት ባለሙያው አዋጁን በእጁ ሊይዘው ይገባል።

መስመሩ ሲቋረጥ

በአካባቢያችን የኤሌክትሮኒክስ አቅርቦት ትልቁ ፈተና ክፍያ ሳይሆን የመስመሩ አለመዝለቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በአካባቢው የሚገኙ የጤና ተቋማትና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። የመጀመሪያው አደጋ ወረቀትም ኮምፒዩተርም በአንድ ቀን ሊጠፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ እያለ፣ የይለፍ ቃሉም እያለ ጽሑፉ ሊርቅ እንደሚችል አስተምሯል።

ሕመም ግን መስመር እስኪለቀቅ አይጠብቅም። የሥጋ ደዌ ሕሙም በሕክምና ላይ ሳለ ነርቩ ድንገት ቢቆጣ፣ የእጅና የእግሩ ዕጣ የሚወሰነው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በሚሰጠው ሕክምና ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ መመሪያውንና ደጋፊ ጥናቶቹን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ማግኘት አለበት።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። አንድ ተራ ኮምፒዩተርና ሁለት የውጭ ዲስኮች ለአንድ ሆስፒታል ዋና ዋና በሽታዎች የሚበቃ ስብስብ ይይዛሉ። ከኢንተርኔት ውጭ የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት የማደራጀት ልምድም አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የተመሠረተው ዋይደርኔት የተባለ ድርጅት ኢግራነሪ በሚል ስም ድረ ገጾችን በፈቃድ ገልብጦ፣ በዲስክ ሞልቶ መስመር ለሌላቸው የአፍሪካ ተቋማት ሲያቀርብ ቆይቷል። አንዱ ዲስክ በሆስፒታሉ፣ ሁለተኛው በሌላ ከተማ ቢቀመጥ ከሐይቅ መጻሕፍት ታሪክ ያገኘነውን ትምህርት በሥራ ላይ አዋልነው ማለት ነው። ሆኖም የተከማቸው ጽሑፍ ያረጃልና በየፋይሉ ላይ የወረደበት ቀን ይጻፍ፤ መስመር በተገኘ ቁጥርም እርማት ወይም ስረዛ መኖሩ ይጣራ።

ከእኛ የወጣው ጽሑፍ ወደ እኛ ይመለስ

እስካሁን ከውጭ ስለሚመጣው ጽሑፍ ተናገርን። ለቦሩ ሜዳ ሐኪም እጅግ የሚቀርበው ጥናት ግን በራሱ ሆስፒታል ሕሙማን ላይ የተደረገው ነው። በቦሩ ሜዳ የቁንጭርና መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተሠሩ ጥናቶች በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትመዋል። ጥያቄው የእነዚህ ጥናቶች ቅጂ፣ መረጃው ከተሰበሰበበት የካርድ ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ በሐኪሞች ማረፊያ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ወደ መጽሔት ያልደረሱ የመመረቂያ ጽሑፎችና ዓመታዊ ሪፖርቶች ደግሞ በየቢሮው ቁም ሣጥን ሊቀሩ ይችላሉ፤ እነዚህን ሂናሪም ሆነ ፐብሜድ አያገኛቸውም።

በዚህ ረገድ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የወጣው አገር አቀፍ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይጠይቃል። ለዚሁ የሚያገለግል አገር አቀፍ የዲጂታል ማከማቻም ተዘርግቷል። ፖሊሲው መሬት የሚረግጠው ግን በየሆስፒታሉ አንድ ቀላል ደንብ ሲኖር ነው፦ በዚህ ግቢ መረጃ የሰበሰበ አጥኚ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ አንድ የወረቀትና አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቅጂ ያስረክብ። የጥናት ፈቃድ ሲሰጥ ይህ በደብዳቤው ላይ ቢሰፍር ክርክር አይኖርም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከላይ ከተብራራው በመነሣት ለሆስፒታሎችና ለጤና ጣቢያዎች የሚከተሉት ይጠቁማሉ።

1. ተቋሙ በሂናሪ መመዝገቡ ይጣራ፤ የይለፍ ቃሉን የሚይዝ አንድ ኃላፊና አንድ ተተኪ በደብዳቤ ይመደቡ።

2. የጽሑፍ ጥያቄ መዝገብ ይከፈት። የተጠየቀበት ቀን፣ የጽሑፉ ሙሉ መለያ፣ የተገኘበት ቦታና ለጠያቂው የደረሰበት ቀን ይመዝገብበት። የሕሙም ስምም ሆነ የካርድ ቁጥር ግን በጥያቄው ላይ አይጻፍ።

3. ፍለጋው በቅደም ተከተል ይሁን፤ በመጀመሪያ የተቋሙ ስብስብ፣ ቀጥሎ ክፍት ምንጮች፣ ከዚያ ሂናሪ፣ በመጨረሻም አዘጋጁ ወይም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት።

4. የደሴና የኮምቦልቻ ተቋማት ያላቸውን ዝርዝር ይለዋወጡ። በአንዱ ያለው ለሌላው በፍላሽ ለመድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ አይፈጅበትም።

5. ስብስቡ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በየሦስት ወሩም ይታደስ።

6. አኅጽሮተ ጥናትን ብቻ አንብቦ የሕክምና ዘዴን መለወጥ በጠዋት ስብሰባ ላይ ተቀባይነት አይኑረው። ሙሉው ጽሑፍ ይቅረብ፣ ይነበብ፣ ውይይት ይደረግበት።

ማጠቃለያ

ጽሑፍ ከቦስተን ስፓ በፖስታ ሳምንታት ይፈጅ ከነበረበት ጊዜ ዛሬ በደቂቃ ወደሚደርስበት ዘመን ተሸጋግረናል። ይሁን እንጂ ትክክለኛውን ጽሑፍ መለየት፣ በሕግ ማግኘት፣ መስመር ሲጠፋም እንዲገኝ አድርጎ ማስቀመጥና የራስን ጥናት ለሌላው ማቅረብ ማሽን ብቻውን የሚፈጽማቸው ተግባራት አይደሉም። ይህን የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ባለሙያው በሌለበትም ኃላፊነቱን የተቀበለ ነርስ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ወይም ሐኪም፣ ከሕክምናው ቡድን እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል። ለዚህ ሰው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና በሳምንት ጥቂት ሰዓት መመደብ ከማንኛውም ሆስፒታል አቅም በላይ አይሆንም።